የብረት ዘንግና የወረቀት ቀለበት

አንድ ኦቶሞቢል ቤንዚን ሳያልቅበት፣ ሞተሩም ሳይጠፋ፣ ማርሹ ገብቶ ፍሪሲዮኑ ተለቆ ሳለ አልሄድም ብሎ ሲቆም ያየ ሰው ነገሩ እንቆቅልሽ ይሆንበታል። ነጂው ቤንዚኑን ቢረግጥ ሞተሩ ይጮኻል እንጂ ጎማዎቹ አይነቃነቁም። ባለፈው የእንግሊዝ አገር በጋ፣ ከኦክስፎርድ ወደ አቢንግደን በሚወስደው አቅጣጫ ቦርስ ሂል በሚባለው ኮረብታ ላይ ያጋጠመን ይኸው ነበር። አቀበቱን ልንጀምር ስንል ከበስተኋላችን እንደ ደረቅ እንጨት ስብራት ያለ አንድ ድምፅ ተሰማ፤ ከዚያ በኋላ የሚጮኽ ሞተርና የቆመ መኪና ብቻ ቀረ። መሪውን የያዙት ሽማግሌ ሞተሩን አጥፍተው ጥቂት ዝም አሉና፣ «ሰበርናት» አሉ። እኛ ምን እንደ ሰበርን አላወቅንም ነበር።

የምንነጋገርባት መኪና ኦስቲን ሂሊ ስፕራይት ትባላለች። ዶናልድ ሂሊ የተባለው እንግሊዛዊ፣ እርሱም እ.ኤ.አ. በ1931 የሞንቴ ካርሎን ራሊ ያሸነፈው ሰው ነው፣ ገንዘቡ ብዙ ያልሆነ ወጣት ሊገዛው የሚችል ባለ ሁለት መቀመጫ ስፖርት መኪና ይሠራ ዘንድ አስቦ ያወጣት ናት። እ.ኤ.አ. በግንቦት ወር 1958 በሞናኮ ለሕዝብ ታየች፤ ዋጋዋም ግብሩን ጨምሮ ከ670 ፓውንድ አይበልጥም ነበር። ርካሽ እንድትሆን ከውጭ የሚከፈት የበር እጀታ የላትም፤ የኋላ ዕቃ ማስቀመጫዋም ክዳን ስለሌለው ሻንጣ የሚገባው በመቀመጫዎቹ ጀርባ እየተጎነበሱ ነው። ሁለቱ የፊት መብራቶች በመጀመሪያ ሲታሰቡ የሚከደኑ ነበሩ፤ ወጪው በዛ ተብሎ ተገትረው ስለ ቀሩ እንግሊዞች «እንቁራሪት ዓይን» ብለው ሰየሟት። እስከ 1961 ድረስ 48 ሺህ 987 ያኽል ተሠርታለች። የተገጣጠመችውም እዚያው አቢንግደን በነበረው የኤም ጂ ፋብሪካ ነው፤ ፋብሪካው እ.ኤ.አ. በ1980 ተዘግቷል።

ሞተሯ 948 ሲሲ፣ ጉልበቱ 43 ፈረስ ነው። የኋላ አክሰሏ ግን ለእርሷ ተብሎ የተፈጠረ አይደለም፤ ኦስቲን ኤ 35 ከምትባለው፣ 34 ፈረስ ጉልበት ካላት ትንሽ የቤተሰብ መኪና የተወሰደ ነው። ስለዚህ ወጣቶች በየዘመኑ ገዝተው ሞተሯን እያጠነከሩ ሲያስጋልቧት በመጀመሪያ የሚሰበረው ከኋላ ያለው ቀጭን ብረት ሆኖ ተገኘ።

ያም ብረት ግማሽ ዘንግ ነው። ጣሊያኖች «ሴሚያሴ» ይሉታል፤ ትርጉሙም ያው ግማሽ ዘንግ ማለት ነው። (ፍሬን፣ ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮንና ኩሽኔታ ብለን የምንጠራቸው ሁሉ ከዚያው ቋንቋ መምጣታቸውን አንባቢ ያስታውሳል።) ከሞተሩ የሚመጣው ዙረት በመኪናው ወለል ሥር አልፎ በሁለቱ የኋላ ጎማዎች መካከል ካለው ዲፈረንሲያል ይደርሳል። ከዚያም በቀኝና በግራ ወደ ጎማዎቹ የሚያደርሱት ሁለት ዘንጎች ናቸው። አንደኛው ጫፋቸው ጥርስ ጥርስ ሆኖ በዲፈረንሲያሉ ማርሽ ውስጥ ይሰካል፤ ሁለተኛው ጫፍ እንደ ትንሽ ሳህን ሰፍቶ ከጎማው ጋር ይታሰራል።

እንግዲህ የተሰበረው አንዱ ብቻ ሳለ ሁለተኛው ጎማ ስለምን መኪናይቱን አይጎትታትም? ዲፈረንሲያል የተሠራው መኪናው ሲታጠፍ የውጭው ጎማ ከውስጡ ይበልጥ እንዲዞር ነው፤ ዙረቱን ያበላልጣል፤ ኃይሉን ግን ለሁለቱም እኩል ያካፍላል። አንደኛው ወገን ተሰብሮ ምንም የማይሸከም ከሆነ የሌላውም ድርሻ ከምንም እኩል ይሆናል። የሞተሩ ድካም ሁሉ የተቆረጠውን ጉማጅ በባዶ ሲያዞር ይውላል። ይህንን ያስረዳን ከሽማግሌው ቤት የተከራየውና በዚያ አገር ምሕንድስና የሚማረው ኢትዮጵያዊ ወዳጃችን ነው። እኛንም ለሽማግሌው ያስተዋወቀን እርሱ ነበር።

መኪናይቱ ተጎትታ ቤት ስትደርስ የሽማግሌው ባለቤት በበሩ ቆመው ነበር። «የትኛው ወገን ነው?» ብለው ጠየቁ። «የግራው» ተባሉ። ከዚህ በቀር ምንም ሳይናገሩ ገቡ። ኋላ ሻይ ስንጠጣ ወዳጃችን ነገሩን በሹክሹክታ አጫወተን። ከጥቂት ዓመታት በፊት የቀኙ ዘንግ ተሰብሮ ሽማግሌው ራሳቸው ለውጠውት ነበር። ብረቱን በሚገባ አስገቡት፤ ነገር ግን በዘንጉ ሳህንና በጎማው ማሰሪያ መካከል የሚገባውን የወረቀት ጓርኒሲዮን፣ «ገና ደኅና ነው» በማለት አሮጌውን መልሰው አደረጉት። ከሁለት ሳምንት በኋላ ባልና ሚስት ወደ ገበያ ሲወርዱ በመስቀለኛው መንገድ ላይ ፍሬን ቢረግጡ የቀኙ የኋላ ጎማ አልያዘም፤ የአክሰሉ ዘይት ጥቂት በጥቂት ወደ ፍሬኑ ሸራ ወርዶ ነበርና። መኪናይቱ ባልታሰበ አቅጣጫ ዞራ ከመንገድ ዳር አጥር ውስጥ ገባች። ማንም አልተጎዳም። ሆኖም ወይዘሮዋ ከዚያ ቀን ወዲህ በዚያች መኪና ውስጥ ተቀምጠው አያውቁም።

ሽማግሌው ይህን ታሪክ ለእኛ አልነገሩንም። ነገር ግን በማግስቱ ሥራ ሲጀመር ዓይናቸው ከአዲሱ ዘንግ ይልቅ ለምን ወደዚያች ወረቀት እንደሚያይ ገባን።

አዲሱ ዘንግ በፖስታ የመጣው በአራተኛው ቀን ነው። ከፋብሪካው የፊተኛ ዘንግ ይልቅ ከጠነከረ የብረት ቅይጥ የተሠራ ነበር። ወዳጃችን አገላብጦ ካደነቀው በኋላ ጠመኔ አንሥቶ በጋራዡ ግድግዳ ላይ ሒሳብ ጻፈ። የሞተሩ የመጠምዘዝ ኃይል በመጀመሪያ ማርሽ ሲበዛ 3.63 ጊዜ፣ በዲፈረንሲያሉ ደግሞ 4.22 ጊዜ ይባዛል፤ ስለዚህ ከአክሰሉ የሚደርሰው ከሞተሩ የወጣው 15 እጥፍ ያኽል ሆኖ ነው፤ ይህም ለሁለቱ ዘንጎች ይካፈላል። ደግሞም፣ አለ ወዳጃችን፣ የክብ ዘንግ ጥንካሬ የሚያድገው በውፍረቱ ልክ ሳይሆን ውፍረቱ ሦስት ጊዜ በራሱ ተባዝቶ ነው፤ አንድ ዘንግ ከዐሥር አንድ እጅ ቢወፍር ጥንካሬው በሢሶ ያኽል ይጨምራል። ሽማግሌው ከወገባቸው ጎንበስ ብለው ሒሳቡን ተመለከቱና፣ «መልካም ነው፤ ወረቀቷስ ከሒሳቡ ውስጥ የት አለች?» አሉ።

የተሰበረውን ዘንግ ግን ወዳጃችን ሲያነበው ማየት ደስ ያሰኝ ነበር። ስብራቱ ያለው ጥርሱ ካለቀበት ቦታ ላይ ነው። የስብራቱ ፊት ሁለት ዓይነት መልክ አለው፤ ግማሹ ለስላሳና የጠቆረ፣ በላዩም እንደ ወንዝ ዳር አሸዋ መሥመሮች የተከታተሉበት፤ የቀረው ሸካራና የሚያብለጨልጭ። ለስላሳው አሮጌ ስንጥቅ ነው። ብረት በአንድ ቀን ከሚሸከመው በታች እየተጫነ እንኳ ጭነቱ በሺህ የሚቆጠር ጊዜ ሲመላለስበት ይደክማል፤ ድካሙም የሚጀምረው ቅርጹ በድንገት ከሚለወጥበት ማዕዘን፣ ወይም ዝገት ከበላው ነጥብ ነው። የሚያብለጨልጨው የመጨረሻው ቀን ስብራት ነው። እንዲህ ከሆነ በዚያ አቀበት ላይ «ሰበርናት» ያሉት ሽማግሌ ራሳቸውን ያለ አግባብ ከሰዋል፤ ዘንጉ ከብዙ ጊዜ በፊት ጀምሮ ሲሰበር ነበር።

እዚህ ላይ ስለ አክሰል ዓይነት ጥቂት መናገር ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም የሰው ሕይወት የተንጠለጠለበት ነገር ነው። በአንዳንድ መኪና ጎማው የሚታሰረው በራሱ በዘንጉ ላይ ነው፤ ዘንጉ ያዞራል፣ የመኪናውንም ክብደት ይሸከማል። እንዲህ ያለው በውጭ በኩል ቢሰበር ጎማው ከነስባሪው ሊወጣ ይችላል። በትልልቅ የጭነት መኪኖች ደግሞ ክብደቱን የሚሸከመው የአክሰሉ ቱቦ ብቻ ነው፤ ዘንጉ ማዞር እንጂ ሌላ ሥራ የለውም። ከአዲስ አበባ ወደ ጅቡቲ በሚወስደው መንገድ ዳር የቆመ የጭነት መኪና ያገኘ ሰው የኋላ ጎማውን መካከል ይመልከት፤ በክብ የተደረደሩ ብሎኖች ያሉበትን ክዳን መሰል ነገር ያያል። እርሱ የዘንጉ ጫፍ ነው። ሾፌሩ ብሎኖቹን ፈትቶ፣ ጎማው መሬት እንደ ረገጠ፣ መኪናው ተጭኖ ሳለ ዘንጉን ስቦ ሊያወጣው ይችላል።

የስፕራይት አክሰል በእነዚህ በሁለቱ መካከል ያለ ነው። የጎማው እምብርት፣ ሞዞ የሚባለው፣ በአክሰሉ ቱቦ ጫፍ ላይ በአንድ ኩሽኔታ ተቀምጦ ይዞራል፤ ዘንጉ ከውጭ ገብቶ በሳህኑ ይከድነዋል። ስለዚህ ዘንጉ ቢሰበርም ጎማው በቦታው ይቆያል። በቦርስ ሂል አቀበት ላይ ቆመን ቀረን እንጂ ጎማ ሳይወልቅብን በሰላም የተመለስነው በዚህ ምክንያት ነው።

ወደ ሥራው እንመለስ። ሽማግሌው በፊት ጎማዎቹ ሥር ጠርብ አስገቡ፤ የኋላውን በክሪክ ካነሡ በኋላ አክሰሉን በሁለት የብረት እግሮች ላይ አሳረፉት። «ክሪክ ማንሻ ነው፤ ማቆሚያ አይደለም» ብለው ሁለት ጊዜ ነገሩን። ጎማው ወጣ። የእጅ ፍሬኑ ተለቀቀ፤ የፍሬኑን ታምቡር የያዙት ሁለት ብሎኖች በካቻቪቴ ተፈተው ታምቡሩ ወለቀ። ቀጥሎ የዘንጉ ሳህን በአንዲት ትንሽ ብሎን ብቻ ተይዞ ታየ። እኛ በአንዲት ብሎን መያዙ አስደንግጦን ነበር። ነገሩ ግን እንዲህ ነው፤ ጎማውን የሚይዙት አራቱ ጉጦች ከሞዞው ተነሥተው በሳህኑ፣ በታምቡሩና በጎማው ቸርኪዮ ውስጥ ያልፋሉ። ጎማው ሲታሰር አራቱ ዳዶዎች ይህን ሁሉ አንድ ላይ ጨምቀው ይይዙታል፤ የወረቀቷንም ጓርኒሲዮን የሚጨምቋት እነርሱ ናቸው። ስለዚህ በዚህች መኪና የጎማ ዳዶ የላላ እንደሆነ አደጋው የጎማ መውለቅ ብቻ አይደለም፤ ዘይትም ወደ ፍሬን ይወርዳል።

የዘንጉ ውጫዊ ክፍል በእጅ ተስቦ ወጣ። የቀረው ጉማጅ፣ ርዝመቱ ከአንድ ጣት የማይበልጥ፣ በዲፈረንሲያሉ ማርሽ ውስጥ እንደ ተሰካ ነው። ወዳጃችን በረዥም ዘንግ ጫፍ ላይ ማግኔት አስሮ ወደ ጨለማው ቱቦ ሰደደ። ይይዘዋል፤ ወደ አፉ ሲቀርብ ይለቀዋል። እንደገና ይይዘዋል፤ እንደገና ይለቀዋል። ይህ ከአንድ ሰዓት በላይ ወሰደ። ባይወጣ ኖሮ ዲፈረንሲያሉን በሞላው ፈትቶ ወደ ፊት ማውጣት ግድ ነበር፤ ጉማጁን እዚያው ትቶ አዲሱን ማስገባት ደግሞ ማርሾቹን ሁሉ ለማስፈጨት መዘጋጀት ነው። በመጨረሻ ሲወጣ ሽማግሌው ጉማጁን ከዘንጉ ጋር ገጥመው ስብራቱ ከስብራቱ ጋር መጋጠሙን አዩ፤ የጎደለ ስንጣሪ ካለ ውስጥ ቀርቷል ማለት ነውና። ከዚያም አሮጌው ዘይት ተቀዳ፤ በማግኔትም ተፈተሸ። አዲሱና አሮጌው ዘንግ ጎን ለጎን ተጋድመው ርዝመታቸው ተለካ፤ ጥርሳቸውም ተቆጠረ።

ከዚህ በኋላ ሽማግሌው ፈጽሞ ሌላ ሰው ሆኑ። እስከዚያ ድረስ ወዳጃችን ሲሠራ እርሳቸው ይቀልዱ ነበር፤ አሁን ቀልዱ ቀረ። አንድ ቀጥ ያለ የብረት ማስመሪያ አምጥተው በሞዞው ፊት ላይ አጋደሙ። የኩሽኔታው የውጭ ቀለበት ከሞዞው ፊት፣ ያውም ወረቀቷ ተጨምቃ የምትይዘው ውፍረት ታስቦ፣ ከአንድ እስከ አራት ሺኛ ኢንች ወጣ ማለት አለበት፤ ማለት ከ0.025 እስከ 0.10 ሚሊ ሜትር፣ የሰው ጠጉር ውፍረት ቢባል ነው። ምክንያቱም ሳህኑ ሲታሰር ኩሽኔታውን ጫን ብሎ መያዝ ይገባዋል። ኩሽኔታው ወደ ውስጥ ከጎደለ ሳህኑ አይነካውም፤ ኩሽኔታው በሞዞው ውስጥ ይንቀሳቀሳል፤ ቤቱን ይበላል። ከልክ በላይ ከወጣ ደግሞ ሳህኑ በኩሽኔታው ላይ ብቻ ያርፍና ወረቀቷ ሳትጨመቅ ትቀራለች፤ ዘይቱም መንገድ ያገኛል። ሽማግሌው በስስ የብረት ምላሶች ለክተው ልኩን አገኙት። ደግመው ለኩት።

አዲሱ ዘንግ በንጹሕ ዘይት ተቀብቶ፣ ዛሬ ከወረቀቷ ጋር አብሮ የሚሸጠው ቀጭን የጎማ ቀለበትም በቦታው ገብቶ፣ ወዳጃችን ዘንጉን አግድም ይዞ ቀስ ብሎ ወደ ቱቦው ሰደደው። ሁለት ጣት ያኽል ሲቀር ቆመ። ጥርስ ከጥርስ ተገናኝቶ ነበር። እኛ ልንረዳ ብለን መዶሻ አነሣን። ሽማግሌው አንድ ቃል ሳይናገሩ መዶሻውን ከእጃችን ወስደው ከላይኛው መደርደሪያ ላይ አኖሩት፤ እኛንም በቀኙ ጎማ አጠገብ አስቀመጡን። ማርሹ ገብቶ ስለ ነበረ፣ የቀኙን ጎማ ጥቂት ወደ ፊት ብናዞረው በግራው በኩል ያለው የዲፈረንሲያል ማርሽ ጥቂት ወደ ኋላ ይዞራል። ጣት በጣት አዞርነው። በዚያኛው ወገን አንድ ለስላሳ ድምፅ ተሰማ፤ ዘንጉ እንደ ቁልፍ ገባ።

ወዳጃችን ብሎኗን ሊያስር ሲል ሽማግሌው፣ «አውጣው» አሉት። ወጣ። በሞዞው ፊት ላይ ከአሮጌው ጓርኒሲዮን የቀረች የጥፍር ስባሪ የምታኽል ቁራጭ ወረቀት ተለጥፋ ነበር፤ ቀለሟ ከብረቱ ጋር ስለ ተመሳሰለ እኛ በእጅ ባትሪ እየተመለከትን እንኳ ለማየት ተቸገርን። እርሳቸው ያገኟት በዓይናቸው ሳይሆን አስቀድመው ጣታቸውን በዙሪያው ሲያሳልፉ ነው፤ ለምን በዚያን ጊዜ እንዳልተናገሩ አልገባንም፤ ምናልባት ወዳጃችን ራሱ እንዲያገኛት ጠብቀው ይሆናል። ተፋቀች፤ ፊቱ በጨርቅ ተጠረገ። ተጨምቃ የነበረችውም አዲስ ወረቀት ተጣለች፤ ሌላ ወጣች። «ይህችም እኮ አዲስ ናት!» ቢል ወዳጃችን፣ «አንድ ጊዜ ታስራለች» ብለው መለሱለት። ዋጋዋ ከአንድ ስኒ ሻይ ያነሰ ነው።

ዘንጉ እንደገና ገባ፤ ታምቡሩ ተመለሰ። የፍሬኑን ሸራ አስቀድመው አይተውት ነበር፤ ደረቅ ነው። ዘይት የጠጣ ሸራ ቢሆን ኖሮ መታጠብ አያድነውም፤ መጣል ነው። አራቱ ዳዶዎች ዙሪያውን በተርታ ሳይሆን በመስቀል፣ አንዱ ከፊት ለፊቱ ካለው ጋር እየተፈራረቀ ተጠበቁ። አዲስ ዘይት አንድ ሊትር ያኽል ከገባ በኋላ፣ ሽማግሌው በአክሰሉ ራስ ላይ ያለችውን ትንሽ መተንፈሻ በሽቦ ጠረጉ። አክሰል ሲሞቅ በውስጡ ያለው አየር ይሰፋል፤ መተንፈሻው በጭቃ ከተደፈነ አየሩ ዘይቱን እየገፋ በደካማው በር ያስወጣዋል። ስለዚህች መተንፈሻ ከዚያ አደጋ በፊት ማንም እንዳልነገራቸው ሲናገሩ ሰማን። ስለ አደጋው በእኛ ፊት የተናገሩት ይህን ብቻ ነው።

ወዳጃችን በኋላ ለብቻችን ሲያጫውተን ሽማግሌው እንደሚያበዙት፣ ጥሩ የማሸጊያ ቅባት ቢቀባ ወረቀቷ ይህን ያኽል ባላስቸገረች ነበር አለ። ልክ ሊሆን ይችላል። እኛ ግን በዚያች መኪና ውስጥ ቁልቁለት የምንወርድ ብንሆን ኖሮ የሽማግሌውን ማብዛት እንመርጣለን።

ከሰዓት በኋላ ወደዚያው ኮረብታ ወጥተን ተመለስን። በአቀበቱ መነሻ ላይ ሽማግሌው ፍሪሲዮኑን ሲለቁ ትንፋሻችንን ይዘን ነበር፤ መኪናይቱ ግን ምንም እንዳልሆነ ሰው ወጣች። ቤት ስንደርስ ዳዶዎቹ እንደገና ተፈተሹ፤ አንደኛው ሩብ ዙር ያኽል ተቀበለ። ከዚያም ሽማግሌው አንድ ትልቅ ነጭ ወረቀት ከግራው የኋላ ጎማ ሥር አነጠፉና ጋራዡን ዘጉ።

በማግስቱ ጧት ሻንጣችንን ይዘን ስንወጣ ወይዘሮዋ ከጋራዡ ውስጥ ተንበርክከው አገኘናቸው። መነጽራቸውን አድርገው በእጅ ባትሪ የጎማውን የውስጥ ወገን ይመለከታሉ። ነጩ ወረቀት ደረቅ ነበር። ባለቤታቸው በበሩ ቆመው ይጠብቃሉ። ወይዘሮዋ ተነሥተው ጉልበታቸውን አራገፉና፣ «ለሁለት ሳምንት አታንሣው» ብለዋቸው ወደ ቤት ገቡ።